ዘይቱ ጠቁሯል፤ ታዲያ ይቀየር?

እናቶቻችን ጋቢ በእንዶድ ሲያጥቡ ውኃው ይጠቁራል። «እንዶዱ ተበላሸ» ብሎ የሚደነግጥ ግን የለም፤ እድፉ ጋቢውን ለቆ ውኃው ውስጥ መግባቱን ሁሉም ያውቃል። ይህንኑ የሚያውቅ ሰው የመኪናውን ኮፈን ሲከፍት ይረሳዋል። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዝዞ ጥቁር ካየ «አልቆለታል» ይላል።

እኔም ብያለሁ። ሰቆጣ ላይ የአሮጌ ናፍጣ መኪናዬን ዘይት ባስቀየርኩ በሳምንቱ ጠቁሮ አገኘሁትና፣ ያገለገለ ዘይት ሸጡልኝ ብዬ መካኒኩን ልጣላ ሄድኩ። ልጁ አልተቆጣም። «ጋሼ፣ ጥላሸቱ የት ይሂድ ብለው ነው?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተር ዘይት ምጣድ እንደሚታሰስበት ጎመን ዘር ነው፤ ብረት ከብረት እንዳይያያዝ መሐል ይገባል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የተደበቀው ብልሃት ሌላ ነው፤ ፋብሪካው ሳሙና መሰል ቅመም ይጨምርበታል። የቅመሙ ቅንጣት በአንድ ጫፉ ጥላሸቱን፣ በሌላው ዘይቱን ይዞ ይቆማል። ስለዚህ ጥላሸቱ ተጓጉሎ ብረቱ ላይ አይጋገርም፤ በዘይቱ ውስጥ ተበትኖ ይንሳፈፋል። ደቃቁን ፊልትሮውም አይዘውም። ዘይቱ የሚጠቁረው ስለሚያጥብ ነው።

በሰቆጣ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በዚህ አየር ላይ እፍ የሚለው እንዳጣ ምድጃ ነው፤ ይጨሳል፣ ጥላሸት ያበዛል። ያ ሁሉ ጥላሸት በጭስ ማውጫው ብቻ አይወጣም፤ የተወሰነው ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

ይሁንና በአንድ ውኃ ስንት ጋቢ ይታጠባል? ቅመሙም ልክ አለው። ሲያልቅ ጥላሸቱ መጓጎል ይጀምራል፣ ዘይቱም ይወፍራል። ችግሩ ጥቁር ዘይት ሁሉ ለዓይን አንድ መሆኑ ነው።

እስቲ ይህን ሞክሩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጥፉትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ የዘነበለ ድስት ውስጥ ያለ ሽሮ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ አይታወቅም። (ሰቆጣ ውስጥ ሜዳ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ።) መጀመሪያ መጠኑን እዩ፤ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ከዚያ ከዘንጉ ጫፍ አንዲት ጠብታ ዘይት የሚመጥ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ወረቀቱን የብርጭቆ አፍ ላይ ዘርጉትና ይደር።

ጠዋት ላይ ጥቁረቱ ከመሐል ወደ ዳር እየሳሳ ከተሰራጨ፣ ቅመሙ አሁንም ጥላሸቱን ተሸክሞ ይጓዛል፤ ዘይቱ ጠቁሮም እየሠራ ነው። መሐሉ ላይ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ጠርዙ የተቆረጠ ነጥብ ተቀምጦ ዙሪያው ባዶ ቅባት ብቻ ከሆነ ግን ጥላሸቱ ተሸካሚ አጥቷል። ቀይሩት። ላቦራቶሪ አይደለም፤ ዓይን ብቻውን ከሚፈርደው ግን እጅግ ይሻላል።

ዘይቱ ሲቀዘቅዝ በሁለት ጣት አሹት። ዱቄት ውስጥ የገባ አሸዋን የሚለይ ጣት ይህንንም ይለያል። ከሻከረ አቧራ ገብቶ ወይም ብረት ተፍቆ ይሆናል፤ የአየር ማጣሪያውንም ክፈቱና እዩ። ነዳጅ ነዳጅ ከሸተተ ዘይቱ ቀጥኗል። መልኩ ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ሞተሩን ሳታስነሱ መካኒክ ጥሩ።

ስለ ኪሎ ሜትሩስ? ለተለመደው ዘይት ብዙ ጊዜ 5,000 ይባላል። ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው የጎማውን መንገድ እንጂ የሞተሩን ድካም አይደለም። ከተከዜ በረሃ ጭነት ይዞ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ የወጣ አይሱዙ፣ ሞተሩ ሜዳ ላይ ያንኑ ያህል ከተጓዘው ይልቅ ብዙ እጥፍ ዞሯል። አምራቾችም አቧራ፣ ዳገትና ከባድ ጭነት ባለበት ጊዜውን አሳጥሩ ይላሉ። ሰቆጣ ያለችበት የዋግ ኽምራ መንገድ ሦስቱንም አሟልቶ ይጠብቃችኋል። እኔ በበኩሌ ከ3,000 ጀምሮ ወረቀቴን አወጣለሁ።

አንድ ነገር አትሳቱ። መሪው ፊት የምትበራው ጀበና መሳይ ቀይ መብራት «ዘይቱ አርጅቷል» አትልም። የምትለው «ግፊት የለም» ነው፤ ዘይቱ ወደ ብረቶቹ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። እሷ በርታ «ከተማ ልግባና» አይባልም፤ ዳር ይዞ ወዲያው ማጥፋት ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ዘይት ስታስቀይሩ፣ የአሮጌውንና የአዲሱን ጠብታ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጣሉ። ኪሎ ሜትሩን ጻፉበትና ሲደርቅ መኪናው ውስጥ አኑሩት።