ባለ አንድ ዘንባባ
(የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም)

(ድምፅ፦ የዳባት ገበያ ጫጫታ፤ እየራቀ ይሄዳል። የእንጨት ሣጥን ሲከፈት።)

ተራኪ፦ ዳባት ነን፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር። የአያቴ ታናሽ እህት ከሣጥናቸው ሥር በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ነገር አወጡና ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። ከውስጡ ሁለት ነገር ወጣ፤ አንድ ፎቶግራፍና ሪባኑ የነተበ አንድ ሜዳይ።

እማማ፦ «አባቴ ይኸውልህ። ጠላት ሲመጣ ዘምቷል፤ ጠላት ሲወጣም ነበረበት። ሌላ ምን ትሻለህ፣ የኔ አባት?»

ተራኪ፦ የምሻው የመሐሉን ነው። ጣልያን ሲወረን 1928 ነበር፤ ጎንደር ነጻ ስትወጣ ደግሞ 1934። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቅድመ አያቴ የት ነበር? በቤተሰባችን ወሬ ውስጥ መነሻውም መድረሻውም አለ። ነገሩ መሐሉ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ሰው የቡና ስኒውን ያነሳል።

(ሙዚቃ፦ ማሲንቆ፣ ብቻውን።)

ተራኪ፦ ሬዲዮ ፎቶግራፍ አያሳይም፤ ስለዚህ ላንብብላችሁ። አንድ ጎልማሳ ቆሟል። ጠጉሩ ጎፈሬ ነው፤ ወገቡን በዝናር ታጥቋል፤ እግሩ ባዶ ነው። ጠመንጃውን በቀኝ እጁ አቁሞ ይዟል። ከኋላው ዓምድና የአበባ ማሰሮ ይታያል፤ ዓምዱ ግን ጥላ የለውም፤ መጋረጃ ላይ የተሣለ ነውና። ሰውየው ያለው ጦር ሜዳ ሳይሆን ፎቶ ቤት ነው። ታጥቦና ተበጥሮ፣ ራሱን ሊያስቀር ብሎ የቆመ ሰው ነው። ዝናሩ ግን ለፎቶ የተዋሰው አይመስልም፤ ቆዳው በወገቡ ልክ ታጥፎ፣ በታጠፈበት ተሰነጣጥቋል።

በጀርባው በቀለም «፲፱፻፴፬» ተብሎ ተጽፏል። ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ቅጂው ሲደርሰው «ይኼማ ከጦርነቱ በፊት የተነሳ ነው» አለ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ጣልያን ገና አልመጣም ነበርና። ነገር ግን ቁጥሩ የተጻፈው በግዕዝ ነው። በግዕዝ ቁጥር የሚጽፍ እጅ ዘመኑንም የሚቆጥረው በእኛው ነው። እንግዲያው ፎቶው የተነሳው የጦርነቱ መጨረሻ በሆነው ዓመት ነው።

የቀረው ጠመንጃው ነው። የዚህ አገር ሽማግሌ የጠመንጃ ስም እንደ ዘር ሐረግ ይቆጥራል፤ ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ቤልጅግ። ይኼኛው ግን ከቃታው ፊት ለፊት ወደ ታች ወጣ ያለ የጥይት ቤት አለው። የጣልያን እግረኛ ጦር የታጠቀው ካርካኖ ነው። ታዲያ ተማርኮ ነው ወይስ ተሰጥቶ? ቤታችን ለሰማንያ ዓመት ያልጠየቀው ጥያቄ ይኼ ነው።

(ድምፅ፦ ነጋሪት፤ ሦስት ጊዜ።)

ተራኪ፦ ከመጀመሪያው እንነሳ። መስከረም 22 ቀን 1928 የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ፤ በዚያው ቀን አዲስ አበባ የክተት ነጋሪት ተጎሰመ። የወገራና የስሜን ሰው በደጃዝማች አያሌው ብሩ ሥር ተሰለፈ፤ ከጎጃም ከመጣው ከልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ጋርም ወደ ሽሬ ግንባር አመራ።

የዚያ ጦር እግረኛ መለያ ቁጥር የለውም፤ ደመወዝም፣ የደንብ ልብስም የለውም። ጠመንጃውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ስንቁን፣ በሶውንና ቋንጣውን፣ ሚስቱ ታዘጋጃለች፤ ብዙ ጊዜም አብራው ትዘምታለች። ደጃዝማቹ ፊታውራሪዎቹን ያውቃል፤ ፊታውራሪው የጎበዝ አለቆቹን ያውቃል፤ የጎበዝ አለቃው ጎረቤቶቹን ያውቃል። እንዲህ በሚተዋወቅ ጦር ውስጥ የስም ዝርዝር ማን ይጽፋል?

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ከዚህ ጦር ግንባር ቀደም የሆነው ክፍል ተከዜን ተሻግሮ ደንበጉና በር ላይ አንድ የጣልያን ጦር ክፍል ከነቀላል ታንኮቹ ድል አደረገ። ደስታው ግን አልዘለቀም። በየካቲት መጨረሻ፣ የአድዋ ድል አርባኛ ዓመት በሚታሰብበት ሰሞን፣ ጦሩ ሽሬ ላይ በመድፍና በአውሮፕላን ተመታ፤ ሲያፈገፍግም የተከዜ መሻገሪያዎች ላይ ቦምብ ወረደበት። መጋቢት 23 ቀን ጎንደር በጣልያን እጅ ወደቀች።

እማማ፦ «ከተከዜ ሲመለስ ጫማ ሙሉ ሥጋ አልነበረውም ትላለች እናቴ። በሩን ያንኳኳው ማታ ነው። ውሻው እንኳ አላወቀው።»

ተራኪ፦ ይኼ የወሬው መነሻ ነው። የጽሑፍ ማስረጃ ፍለጋ ስንገባ ነገሩ ይገለበጣል። ልዑል ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» የሚል ማስታወሻ ትተውልናል፤ ገሪማ ታፈረም ስለ ጎንደር አርበኞች «ጎንደሬ በጋሻው»ን ጽፈዋል። ሁለቱም ውድ ናቸው። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ስሙ ጎልቶ የሚገኘው አዛዡ ነው፤ እግረኛው «ብዙ ሰው» በሚለው ቃል ውስጥ ያልፋል።

ከ15 ዓመት በኋላ የዘመተ እግረኛ ዕድሉ ሌላ ነው። በ1943 ወደ ኮሪያ የተጓዘው የቃኘው ሻለቃ ወታደር የክብር ዘበኛ ነበር፤ ማዕረጉና መለያው ተመዝግቧል፤ ወድቆም ቢሆን ስሙ ተይዟል። ኮሪያ ውስጥ ቹንቾን ከተማ ለኢትዮጵያውያኑ ሐውልት ቆሞላቸዋል። የሽሬው እግረኛ ግን በገዛ አገሩ ሲዋጋ ማን ይመዝግበው?

ጠላት መዝግቧል። በሮም የጣልያን ምድር ጦር የታሪክ ክፍል መዛግብት አሉ። የጣልያን መንግሥት የፊልም ተቋም የሆነው ሉቼ በ1928 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል አቋቁሞ ፊልምና ፎቶ አንሺ አዝምቷል። ብዙ ተራ ወታደርም በኪሱ ካሜራ ይዞ ነበር፤ የእነዚያ ሰዎች አልበም ዛሬ በአውሮፓ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይሸጣል። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ወገኖቻችን አሉ፤ ፊታቸው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ስማቸው የለም። ስም ቢኖርም በላቲን ፊደል ተጣምሞ ነው። ጣልያን «ወ»ን በ«ኡ» ስለሚጽፍ ወልቀፊትን የሚፈልግ ሰው «ኡኦልኬፊት» ብሎ መፈለግ አለበት። የክርስትና ስምና የቤት ስም ሲጨመርበት ደግሞ አንዱ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል።

(ድምፅ፦ ንፋስ፤ የጭላዳ ጩኸት ከሩቅ።)

ተራኪ፦ ከደባርቅ አለፍ ብለን ወልቀፊት አፋፍ ላይ ቆመናል። መሬቱ ከእግራችን ሥር ተቆርጦ ይወርዳል። ጣልያን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው የሊማሊሞ መንገድ እንደ እባብ ተጠማዞ ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ይህን በር የያዘ ሰው የአስመራንና የጎንደርን መንገድ ያዘ ማለት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ እዚህ ጦርነቱ አላለቀም ነበር። የጣልያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደርን ይዞ ነበር፤ ኮሎኔል ጎኔላ ደግሞ ወልቀፊት ላይ መሽጎ ነበር። የአካባቢው አርበኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው ምሽጉን ከበቡ፤ ከጎንደር የሚመጣውን ስንቅ ቆረጡ። ከከበቡት መካከል አያሌው ብሩም ነበሩ። ከሽሬ ሽንፈት በኋላ ለጣልያን ገብተው ቆይተው፣ በ1933 ፊታቸውን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የመለሱት እኒያው የ1928 አዛዥ።

ክረምቱ በጭጋግና በረሃብ አለፈ። መስቀል ሲደርስ፣ መስከረም 17 እና 18 ቀን 1934፣ ምሽጉ እጁን ሰጠ። የወጣው ሰው ሦስት ሺህ ያህል ነበር። ግማሽ ያህሉ ጣልያን አልነበረም፤ ለጣልያን ያደረ የእኛው አገር ሰው ነበር።

እማማ፦ «አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ የገባ ዕለት የደመራው ዐመድ ገና አልበረደም ነበር ትላለች እናቴ።»

ተራኪ፦ ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ የንግግር ማሳመሪያ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ቀን ሆነልኝ። ከወልቀፊት ዳባት ለጠንካራ እግረኛ ሩቅ አይደለም። እንግዲያው በዚያ መስቀል ቅድመ አያቴ ወልቀፊት ነበር። ግን ከምሽጉ ውጭ ነበር ወይስ ከምሽጉ ውስጥ? ሁለቱም ሰዎች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ መንገድ፣ ያው አንድ ዓይነት ጠመንጃ ይዘው አልፈዋል።

ሜዳዩን አነሳሁ። የአርበኝነት ሜዳይ ነው። ምሽግ ውስጥ ለተገኘ ሰው አይሰጥም፤ ስለዚህ ከውጭ በኩል ነበር። በሪባኑ ላይ የሚሰካው ዘንባባ ደግሞ አርበኛው የተዋጋበትን ዓመት ይቆጥራል። አምስቱን ዓመት በዱር ያሳለፈ ሰው አምስት ዘንባባ አለው። የእኛው አንድ ብቻ ነው። ሌላ ተሰክቶ የወደቀበት ቀዳዳም የለውም።

(ዝምታ።)

ተራኪ፦ እማማ፣ ዘንባባው አንድ ነው።

እማማ፦ «መቁጠር አውቃለሁ፣ ልጄ። አለቃው ሲገባ ገባ፤ አለቃው ሲወጣ ወጣ። ቤት ውስጥ ሰባት አፍ ነበር። እናንተ ሲፎከር ብቻ ትሰማላችሁ እንጂ ማን ጠየቀኝና ልንገር?»

(ሙዚቃ፦ ማሲንቆው ይመለሳል።)

ተራኪ፦ አባት የሌለውን ነገር በአባት ላይ መጨመር ቀላል ነው፤ በሬዲዮ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። አምስት ዘንባባ ብል ማን ይቆጥርብኛል? ነገር ግን አምስቱን ዓመት ሙሉ በዱር የኖሩት ሰዎች ልጆች አጠገባችን አሉ፤ ለእኛ የምጨምረው ከእነሱ የምቀንሰው ነው። የእኛው ሰው ደግሞ ያለው አይበቃውም? ሽሬ ተመቶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከዚያ ደግሞ ጭጋግ ውስጥ ክረምቱን ከርሟል።

ከመሄዴ በፊት የፎቶውን ቅጂ ጀርባ ገልብጬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። «እግረኛ። በ1928 ሽሬ ዘመተ። ከዚያ ለጣልያን ገባ።»

እማማ እጃቸውን አነሱ።

እማማ፦ «ገባ ብለህ ብዕርህን አታንሣ። ወጣም በል።»

(ድምፅ፦ ብዕር ወረቀት ላይ ሲጽፍ። የሣጥን ክዳን ሲዘጋ።)