«ካይሮፕራክቲክ» እና ተዛማጅ ቃላቱ፦ የስያሜና የአተረጓጎም ማብራሪያ

የአንድ ሙያ ቃላት ወደ ሌላ ቋንቋ ሲገቡ ችግር የሚፈጠረው አቻ ቃል በመታጣቱ ብቻ አይደለም፤ አቻ መስሎ የሚታይ ቃል በመገኘቱም ጭምር ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ የተመሠረተው፣ አከርካሪንና መገጣጠሚያዎችን በእጅ የሚያክመው የካይሮፕራክቲክ ሙያ ነው። በዚያ አገር ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የጤና መድን ሰነድ ወይም የሕክምና ስምምነት ቅጽ የሚተረጉም ሰው ከቃላቱ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ከዚህ ቀጥሎ አራቱን እንመለከታለን።

1. የሙያው ስም

ሙያውን በ1895 እ.ኤ.አ. በአዮዋ ግዛት በዳቨንፖርት ከተማ የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ነው። ስሙን ያወጣለት ሬቨረንድ ሳሙኤል ዊድ ሲሆን፣ ምንጩም «እጅ» እና «ድርጊት» የሚል ፍቺ ያላቸው የግሪክኛ ቃላት ናቸው። ይህን ተከትሎ «የእጅ ሕክምና» ማለት የሚቻል ይመስላል። ሆኖም በአማርኛ «የዓይን ሕክምና»፣ «የጥርስ ሕክምና» ስንል በ«የ» የተያያዘው ስም የሚታከመውን አካል እንጂ ማከሚያውን አያመለክትም። ስለዚህ «የእጅ ሕክምና» እጁን ለታመመ ሰው የሚሰጥ ሕክምና ተብሎ ይወሰዳል። «በእጅ የሚሰጥ ሕክምና» ይህን ጉድለት ያርማል፤ ነገር ግን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን ሥራም ስለሚያቅፍ ለወል ስምነት እንጂ ለአንድ ሙያ መጠሪያነት አይበቃም።

«ወጌሻ» የሚለውስ? ቃሉ ሕያውና የተከበረ ነው። ይሁን እንጂ ወጌሻ በልምድ የሠለጠነ የባህል ሐኪም ሆኖ፣ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፤ የወለቀ መገጣጠሚያ ይመልሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ ካይሮፕራክቲክ ሥልጠናና ደኅንነት ባወጣው መመሪያ ደግሞ አዲስ ስብራት አከርካሪን በእጅ ከማከም ከሚከለክሉት ምክንያቶች አንዱ ነው። እንግዲህ ካይሮፕራክተርን «ወጌሻ» ብሎ የተረጐመ ሰው፣ አጥንቱ የተሰበረበትን በሽተኛ ወደማይገባው በር ሊልከው ይችላል።

2. «ሰብላክሴሽን»

በጠቅላላው ሕክምና ይህ ቃል ከፊል ውልቃት ማለት ነው፤ በራጅ የሚታይ የአጥንት መዛነፍን ያመለክታል። በካይሮፕራክቲክ ግን ፓልመር ለበሽታዎች ምክንያት ነው ብሎ ያሰበው፣ በነርቭ ሥራ ላይ እክል ያመጣል የተባለ የአከርካሪ ሁኔታ ነው። ከላይ የተጠቀሰው መመሪያም የሁለቱን ፍቺዎች ልዩነት አመልክቷል። የብሪታንያ ጠቅላላ የካይሮፕራክቲክ ምክር ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. ጽንሰ ሐሳቡ ታሪካዊ መሆኑንና የበሽታ መንሥኤ ስለ መሆኑ የክሊኒክ ምርምር ማስረጃ እንደማይደግፈው አስታውቋል።

ሁለቱንም «ውልቃት» ብሎ መተርጐም፣ ከስፍራው ያልወጣ አጥንት ወጥቷል ብሎ ለበሽተኛው እንደ መንገር ይቆጠራል። በሌላ በኩል በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ የሜዲኬር መድን ለካይሮፕራክተር እንዲከፍል ሲፈቅድ፣ ሕክምናውን «ሰብላክሴሽን»ን በእጅ ከማረም ጋር አስሮታል። ቃሉ በሕጉ ውስጥ የክፍያ መስፈርት ስለ ሆነ፣ ተርጓሚው በየገጹ የተለያየ አቻ ቢሰጠው አንባቢው መብቱን ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል። ስለዚህ ለጠቅላላው ሕክምና «ከፊል ውልቃት»፣ ለካይሮፕራክቲክ ደግሞ የውሰት ቃሉን «ሰብላክሴሽን» መያዝ ይገባል።

3. «መረጃ» እና «ማስረጃ»

በሚኒሶታ ግዛት በብሉሚንግተን የሚገኘው የኖርዝዌስተርን የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ በ1941 እ.ኤ.አ. በካይሮፕራክቲክ ኮሌጅነት የተቋቋመ ነው። ገርት ብሮንፎርትና ባልደረቦቻቸው በዚያ ያካሄዱት፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አንገታቸውን የታመሙ 272 ሰዎችን በዕጣ ለሦስት መድቦ ነበር፦ አከርካሪን በእጅ ማከም፣ መድኃኒት፣ በቤት የሚሠራ እንቅስቃሴ ከምክር ጋር። ከ12 ሳምንት በኋላ በእጅ የታከሙት መድኃኒት ከወሰዱት ይልቅ ሕመማቸው ቀለለ፤ በቤት እንቅስቃሴ ከሠሩት ግን ብዙም አልተለዩም።

ከእያንዳንዱ ሰው የተመዘገበው የሕመም ልክ «መረጃ» ነው፤ መረጃው ተመዝኖ አንድን አሳብ ሲደግፍ «ማስረጃ» ይሆናል። «አመለከተ» የሚለውን «አረጋገጠ» ብሎ መተርጐምም የጥናቱን ቃል ከልክ በላይ ማሳበጥ ነው። ከውጤቱ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ መርጦ መጥቀስ ደግሞ የተመራማሪ ሳይሆን የተሟጋች ልማድ ነው። ይህም ወደ አራተኛው ቃል ያደርሰናል።

4. «ተሟጋችነት»

የጤና ፖሊሲ እንዲለወጥ በሕግ አውጪዎችና በመድን ድርጅቶች ፊት አሳብ ማቅረብን አንዳንዶች «ጥብቅና»፣ ሌሎች «ቅስቀሳ» ይሉታል። የመጀመሪያው ወደ ፍርድ ቤት፣ ሁለተኛው ወደ አደባባይ ይስባል። የፍርድ ቤት ሙግት በዚህ ሙያ ታሪክ ራሱን የቻለ ስፍራ አለው፤ ቼስተር ዊልክና ሌሎች ካይሮፕራክተሮች በ1976 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን የሐኪሞች ማኅበር ከሰሱ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ዳኛ ሱዛን ጌትዘንዳነር ማኅበሩ በሙያው ላይ ባደረገው አድማ የውድድር ሕግን ጥሷል ሲሉ ፈረዱ። ፍርዱ ስለ ንግድ ውድድር እንጂ ስለ ሕክምናው ፈዋሽነት አልነበረም። ስለዚህ «ክስ»ንና «ጥብቅና»ን ለፍርድ ቤት ትተን፣ ለሌላው «የፖሊሲ ተሟጋችነት» ብንል ይሻላል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ሲመራመርም ሲሟገትም፣ ተርጓሚው «ምርምሩ አሳየ» እና «ተቋሙ ይጠይቃል» የሚሉትን አንባቢ እንዲለያቸው አድርጎ መጻፍ አለበት።

በማጠቃለያው የምናቀርባቸው ስያሜዎች «ካይሮፕራክቲክ» (መጀመሪያ ሲጠቀስ «አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ የሚያክም ሙያ» ከሚል ማብራሪያ ጋር)፣ «ሰብላክሴሽን»፣ «በዕጣ የተመደበ ሙከራ» እና «የፖሊሲ ተሟጋችነት» ናቸው። የተሻለ የሚያቀርብ ቢኖር ለውይይት ክፍት ነው። አባቶች «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ያሉት ለተናጋሪ ቢሆንም፣ ታትሞ በበሽተኛ እጅ ለሚገባ ትርጉም ይበልጥ ይሠራል።