ለጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ የገበሬ ልጅ ያስፈልጋል

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ስለ ጤና በተነሳ ቁጥር ደጋግመው የሚጠይቁት ሐኪም እንዲመደብላቸው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና ሐኪም ብቻውን ሆስፒታል አያንቀሳቅስም። ደም የሚመረምረው የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ መድኃኒት የሚያድለው ፋርማሲስት፣ አዋላጅ ነርሷ፣ ለቀዶ ሕክምና ሰመመን የሚሰጠውና ራጅ የሚያነሳው ባለሙያ ሁሉ በየፊናቸው በዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑ ናቸው።

የላቦራቶሪውን ሥራ ብቻ እንመልከት። ግሽ ዓባይ ደጋ ስለሆነ ወባ እምብዛም አያጠቃውም። ሆኖም ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ጎልማሳ በሽታውን ይዞ ሊመጣ ይችላል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉት ዝቅተኛ ቀበሌዎች ደግሞ ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ አዝመራ በሚሰበሰብበት ወቅት ነው። በአገራችን የታወቁት የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ፋልሲፓረም የሚባለው ቶሎ የሚገድለው ሲሆን በኮአርተም ይታከማል። ቫይቫክስ በክሎሮኪን ይታከማል፤ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽም ፕሪማኪን ይታከልበታል። በጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በፈጣን መመርመሪያ ትለያለች። በጤና ጣቢያ ግን ባለሙያው ከጣት የወሰደውን ጠብታ ደም ስስ መስተዋት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም አጠጥቶ፣ በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ያያል። እሱ ከተሳሳተ ገበሬው የማይሆን መድኃኒት ውጦ ሰብሉ ሜዳ ላይ እንዳለ አልጋ ላይ ይውላል።

ትምህርቱ በአገራችን ሥር የሰደደውም ከዚሁ በሽታ ጋር ተያይዞ ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ ሜዳ የተነሳው ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዚያ ተተኪ ነው። በቅርባችን ደግሞ የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ጤና ያስተምራሉ።

ታዲያ የገበሬው ልጅ በምን መንገድ እዚያ ይደርሳል? 11ኛ ክፍል ሲገባ የተፈጥሮ ሳይንስ መምረጥ አለበት። ቀጥሎ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ፤ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ካለፈ በኋላም የትምህርት ክፍል የሚደርሰው በውጤቱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል፤ ለሙያ ፈቃድም ምዘና አለ። ብዙ ወጣቶች ሕክምና ሳይደርሳቸው ሲቀር ላቦራቶሪን ወይም ነርስነትን እንደ ውድቀት ይቆጥሩታል። ይህ በእኔ አስተያየት ከቤትና ከቀበሌ የሚነሳ አጉል ግምት ነው። ተመርቀው ሥራ በመጠበቅ የተቸገሩ መኖራቸውም እውነት ስለሆነ ለልጆች መደበቅ አይገባም።

መሪዎች ሊያደርጉ የሚችሉት ብዙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ትምህርታቸውን ያቋረጡትን በስም መዝግቦ መያዝ አንዱ ነው። በጥር ልትዳር የታሰበችውን የስምንተኛ ክፍል ልጅ ጉዳይ ወላጆቿ ቤት ሄዶ መነጋገር ሌላው ነው፤ ነገ አዋላጅ ልትሆን የምትችለው እሷ ናትና። ከተማ ተከራይተው ለሚማሩት ስንቅ የሚያደርስ ተራ ማውጣትም ከማኅበሩ አቅም በላይ አይደለም። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባም የባዮሎጂ መምህሩን ጠይቁት፦ ትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ አለው ወይ? ካለውስ ተማሪዎቹ በዓይናቸው አይተውበታል?