ወደ ሃይስኩል ዲፕሎማ የሚያደርሱ ሌሎች መንገዶች፦ የዋሺንግተን ግዛት ተሞክሮ

በኢትዮጵያ የተማረ ወላጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን የሚመዝነው በመጨረሻው ብሔራዊ ፈተና ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ዲፕሎማ የሚገኘው ክሬዲት (ትምህርቱን ላለፈ ተማሪ የሚቆጠር ነጥብ) በማጠራቀም ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሲያትል፣ በአጠቃላይም በዋሺንግተን ግዛት፣ ተማሪው 24 ክሬዲት ሊያሟላ ይገባዋል። በ9ኛ ክፍል የወደቀበት ትምህርት 12ኛ ክፍል ሲደርስ ዕዳ ሆኖ ይጠብቀዋል። በ2019 የወጣ ሕግ ደግሞ ከክሬዲቱ በተጨማሪ ለኮሌጅ ወይም ለሥራ መዘጋጀቱን ከተፈቀዱት መንገዶች በአንዱ እንዲያሳይ ይጠይቀዋል። ደግነቱ፣ ክሬዲት የሚገኘው ከመደበኛው ክፍል ብቻ አይደለም።

ከሁሉ የሚታወቀው በ1990 የተደነገገው ረኒንግ ስታርት ነው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያለ ትምህርት ክፍያ ይማራሉ፤ አምስት የኮሌጅ ክሬዲት በሃይስኩል አንድ ክሬዲት ሆኖ ይቆጠርላቸዋል። ጠንክሮ የሠራ ተማሪ ከዲፕሎማው ጋር የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ይሁን እንጂ መጽሐፍና መጓጓዣ በአብዛኛው ከቤተሰብ ኪስ ይወጣል፤ ዝቅተኛ ውጤትም በኮሌጅ መዝገብ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ያልተዘጋጀን ልጅ ወጪ ለመቆጠብ ብቻ መላክ አይገባም።

ሁለተኛው የሙያ መንገድ ነው። በክህሎት ማዕከላት ተማሪው የቀኑን ግማሽ እንደ መኪና ጥገና፣ ብየዳ ወይም የነርስ ረዳትነት ያለ ሙያ ይማራል፤ የቀረውን ጊዜ በሃይስኩሉ ያሳልፋል። ተከታታይ የሆኑ ሁለት የሙያ ክሬዲቶች ለመመረቂያ ከሚያበቁት መንገዶች አንዱ ናቸው። በክፍያ የሚሠራ ተማሪም ትምህርት ቤቱ ካጸደቀለት በ360 የሥራ ሰዓት አንድ የምርጫ ትምህርት ክሬዲት ማግኘት ይችላል።

ሦስተኛው እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ግዛቱ ቋንቋ ለሚችል ተማሪ በፈተና ብቻ እስከ አራት ክሬዲት ይሰጣል፤ አማርኛም ከሚፈተኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ፈተናው ግን መናገርን ብቻ ሳይሆን ማንበብና መጻፍንም ይመዝናል። ቤት ውስጥ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ፊደል ግን ያልቆጠረ ልጅ እዚህ ላይ ይቸገራል። የሚፈለገውን የቋንቋ ደረጃ የደረሰና የእንግሊዝኛውን መስፈርት ያሟላ ተማሪ፣ ከ2014 ጀምሮ በሕግ የታወቀው የሁለት ቋንቋ ችሎታ ማኅተም ይሰጠዋል። ፊደል የማስተማር ጥረታችን ባህልን ከመጠበቅ አልፎ ለምረቃ የሚቆጠር ሆኗል ማለት ነው።

ትምህርት ላቋረጡም በር አልተዘጋም። ኦፕን ዶርስ የተባለው መርሐ ግብር ከ16 እስከ 21 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ወደ ትምህርት ይመልሳል። ሃይስኩል ፕላስ ደግሞ ዕድሜያቸው 18 የሞላ ሰዎች በኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ዲፕሎማቸውን የሚያጠናቅቁበት ሲሆን፣ በሥራና በሕይወት የተገኘ ዕውቀትም ተመዝኖ ክሬዲት ሊያስገኝ ይችላል። ጂኢዲ፣ በ1942 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ትምህርታቸው ለተቋረጠ ወታደሮች የተጀመረው ፈተና፣ ዛሬ በሒሳብ፣ በቋንቋ፣ በሳይንስና በማኅበራዊ ሳይንስ ይሰጣል። የሚያስገኘው ግን ከዲፕሎማ ጋር የሚመጣጠን የምስክር ወረቀት ነው። እንግሊዝኛው ላልጠናለት አዋቂ ደግሞ አይ-ቤስት አለ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ መምህር ሙያውን፣ ሌላው ቋንቋውን ጎን ለጎን ያስተምራሉ።

የእነዚህ መንገዶች ትልቁ ችግር ብዙ ቤተሰቦች ስለ መኖራቸው የሚሰሙት ዘግይተው መሆኑ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ልጅ የቀድሞ ውጤቱን ማስረጃ ለትምህርት ቤቱ አቅርቦ ክሬዲቱን ያስቆጥር። ወላጆችም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በየዓመቱ የትምህርት አማካሪውን አግኝታችሁ፣ ልጃችሁ ስንት ክሬዲት እንዳለውና ስንት እንደቀረው ጠይቁ። ሙያ የመረጠውን ልጅም እንደ ወደቀ አትቁጠሩት፤ እሱም የመረጠው ወደ ዲፕሎማና ወደ እንጀራ የሚያደርስ መንገድ ነው።