የሰው ሪከርድ ለማየት ስንነሣ

እኔም እንደ አንዳንድ የግሪን ቫሊ ራንች ጎረቤቶቼ ቤዝመንቴን አከራያለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በሰው በሰው ተጠቁሞ አንድ ወጣት መጣ። ኤርፖርት ማታ ማታ ይሠራል፤ ቤቱን ሊያይ የመጣውም የሥራ ባጁን ከአንገቱ ሳያወልቅ ነበር። ቡና ጠጥተን፣ በኪራዩም ተስማምተን ሸኘሁት። ባለቤቴ ሲኒውን እያነሣች «ሁለት ሴት ልጆች ያሉበት ቤት ነው፤ ሪከርዱን ሳታይ ቁልፍ እንዳትሰጥ» አለችኝ። እውነቷን ነው። አገር ቤት ቢሆን የሰፈሩን ሽማግሌ፣ የእድሩን ዳኛ እጠይቅ ነበር። እዚህ ግን የልጁን አባት የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል?

በዚያው ማታ ኢንተርኔት ላይ ጥቂት ዶላር ከፍዬ ስሙንና የትውልድ ቀኑን አስገባሁ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ 2018፣ አዳምስ ካውንቲ፣ ቤት ሰብሮ መግባት፣ ከባድ ወንጀል። ስሙ ያው፣ የአባቱ ስም ያው፣ የትውልድ ቀኑ ያው። ደውዬ «ቤቱ ተይዟል» ልለው ስልኬን አነሣሁ።

ለምን ሳልደውል እንደቀረሁ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ይህ የሰው ሪከርድ የሚባል ነገር እዚህ እኛ አካባቢ የት እንዳለና እንዴት እንደሚጠየቅ ልናገር፤ ያን ማታ እኔ ራሴ ባውቀው ኖሮ ብዙ ጭንቀት ይቀርልኝ ነበር።

የአዲስ አበባን አሠራር ለምናውቅ ሰዎች የዚህ አገር ነገር ይገርማል። እኛ ዘንድ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት የሚፈልግ ሰው ራሱ ፌዴራል ፖሊስ ቀርቦ አሻራ ይሰጣል፤ ወረቀቱም ለራሱ ይሰጠዋል። ኮሎራዶ ውስጥ ግን ማንም ስለማንም መጠየቅ ይችላል፤ የሚጠየቅበት ሰው ፈቃድ አያስፈልግም። በ1977 የወጣው የስቴቱ የወንጀል ፍትሕ መዝገቦች ሕግ እስር፣ ክስና ፍርድን የመሰሉ ይፋዊ እርምጃዎች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ ያዛል። ሌላውን፣ ለምሳሌ የመርማሪውን ማስታወሻ ወይም የምስክርን ቃል፣ መዝገብ ያዡ የሕዝብን ጥቅም መዝኖ ሊከለክል ይችላል። ጠያቂውም መረጃውን ገበያ ለማፈላለግ እንደማይጠቀምበት እንዲፈርም ይደረጋል።

ብዙ ሰው የሚጀምረው እኔ ከጀመርኩበት፣ ከኮሎራዶ የምርመራ ቢሮ ነው፤ በአጭሩ ሲቢአይ ይሉታል። በስምና በትውልድ ቀን በኢንተርኔት ይፈለጋል፤ ለእያንዳንዱ ፍለጋ ይከፈላል። ልብ በሉ፤ ይህ ዝርዝር የሚሠራው ኮሎራዶ ውስጥ ሰው ተይዞ አሻራ ሲሰጥ በሚላከው መረጃ ነው። ሰውየው ቴክሳስ ወይም ሚኒሶታ የሠራው ነገር አይታይም። ቅጣት ተጽፎለት አሻራ ሳይሰጥ የተለቀቀም እንዲሁ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አንዳንዴ «ተያዘ» ብሎ ያቆማል። ተከሰሰ? ነፃ ወጣ? ክሱ ተቋረጠ? ይህን ለማወቅ ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ነው።

ፍርድ ቤት ስል የትኛው? የእኛ ሰፈር ችግር እዚህ ላይ ነው። ግሪን ቫሊ ራንች ስንል አንድ ሰፈር ይመስለናል እንጂ አብዛኛው ዴንቨር ሲሆን ወደ ምሥራቅ የተሠራው አዲሱ ክፍል አውሮራ ነው፤ ያም አዳምስ ካውንቲ ውስጥ ይወድቃል። አውሮራ ራሷ በሦስት ካውንቲዎች ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። መዝገቡ ደግሞ የሚቀመጠው ሰውየው በሚኖርበት ሳይሆን ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ቦታ ነው። ስለዚህ የአዳምስ ጉዳይ ብራይተን፣ የአራፓሆ ጉዳይ ሴንቴኒያል፣ የዴንቨር የወንጀል ጉዳይ ዌስት ኮልፋክስ ላይ ወዳለው ሊንዚ ፍላኒገን ፍርድ ቤት ያስኬዳል። የከተማ ደንብ መተላለፍን፣ ለምሳሌ ከሱቅ ትንሽ ዕቃ መስረቅን፣ የአውሮራ ማዘጋጃ ፍርድ ቤት አላሜዳ ፓርክዌይ ላይ ለብቻው ያያል።

ዴንቨር ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። ቀላል ወንጀሎችን የሚያየው የዴንቨር ካውንቲ ፍርድ ቤት የከተማው እንጂ የስቴቱ የፍርድ ቤቶች ሥርዓት አካል አይደለም። የስቴቱን የፍርድ ቤት መዝገብ ፈልጋችሁ «ምንም የለም» ብትባሉ የዴንቨር ካውንቲ ፍርድ ቤትን ለብቻው እስክትፈልጉ ድረስ አትመኑ። የፌዴራል ክስ ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው፤ ፔሰር በሚባለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥርዓት በገጽ 10 ሳንቲም ይታያል፤ በሦስት ወር ውስጥ ከ30 ዶላር ካላለፈ ግን ክፍያው ይቀራል።

የስቴቱን ፍርድ ቤቶች መዝገብ ዝርዝር ከፍርድ ቤቱ ጋር የተዋዋሉ የግል ድርጅቶች በክፍያ በኢንተርኔት ያሳያሉ። የክሱን ወረቀት ራሱን ለማየት ግን የጉዳዩን ቁጥር ይዞ ወደ መዝገብ ቤቱ መሄድ ወይም መጻፍ ነው። የጠየቃችሁትን በትክክል ጻፉ። «ስለ እገሌ ያለውን ሁሉ» ከማለት «በዚህ ቁጥር ያለውን የክስ ወረቀት፣ የእርምጃዎቹን ዝርዝርና የመጨረሻውን ውሳኔ» ማለት ይሻላል። የመዝገብ ቤት ሠራተኞች በአነጋገራችን ሳይሆን በቁጥር ነው የሚግባቡት።

አሁን ወደ ስማችን ልምጣ። ይህ ሁሉ ሥርዓት የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። እኛ ደግሞ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ፎርሙ ላይ አንዱ የአባቱን ስም መጨረሻ ያደርጋል፣ ሌላው የአያቱን። ጸሐይን አንዱ በቲ ይጀምራታል፣ ሌላው በኤስ። ወልደማርያም ለሁለት ሲሰነጠቅ ወልደ ለብቻው ስም ይሆንና ማርያም ሚድል ኔም ሆና ትቀራለች። ያገቡ እኅቶቻችን ከፊሎቹ በአባታቸው ስም ይቀጥላሉ፣ ከፊሎቹ በባላቸው። ስለዚህ እውነተኛ ወንጀለኛ በአንዲት ፊደል ልዩነት ሊሰወር ይችላል፤ ንጹሕ ሰው ደግሞ በሌላ ሰው ኃጢአት ሊያዝ ይችላል።

«የትውልድ ቀኑ ይለየዋላ!» የሚል አይጠፋም። እኔም ያን ማታ ያልኩት ይህንኑ ነው። ስልኩን በእጄ እንደያዝሁ ግን ቀኑን እንደገና አየሁት፤ ጃንዋሪ 1። በስደተኞች መጠለያ ያለፈ ሰው ይህን ቀን ያውቀዋል። የልደት ወረቀት የሌለው፣ ወይም በእኛ አቆጣጠር የተናገረውን መዝጋቢው ማስላት ያቃተው ሁሉ ጃንዋሪ 1 ተወለደ ተብሎ ይጻፍለታል። በዚያ ላይ ስሙም የአባቱም ስም እኛ አገር በያለበት የሚገኝ ነው። ስልኩን መልሼ አስቀመጥሁ።

ሰኞ ጠዋት ብራይተን ሄድኩ። የጉዳዩን ቁጥር ሰጥቼ ወረቀቶቹን አየሁ። ተከሳሹ ኖቬምበር 2018 ችሎት ቀርቦ ጥፋቱን አምኗል። ቁመቱ ከእኔ ልጅ በአንድ ጫማ ያህል ያንሳል። ማታውን ልጁን ጠርቼ «አሜሪካ መቼ ገባህ?» አልኩት። በ2019 ከካኩማ። ወረቀቱን አሳየኝ። ያኔ አፍሬ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ ለካ ይሄ ሰውዬ ነው ሁለት አፓርታማ ያስከለከለኝ!» አለ። ሁለቱም ቦታ የማመልከቻ ገንዘብ ተቀብለው «አልተሳካም» ብለውት ነበር፤ ምክንያቱን ማንም አልነገረውም።

ምክንያቱን መጠየቅ ግን መብቱ ነበር። ሪፖርት እያዘጋጁ ለአከራይና ለአሠሪ የሚሸጡ ድርጅቶች የሚገዙት በ1970 በወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። በዚያ ሪፖርት የተነሣ ሰውን የከለከለ አከራይ ሪፖርቱን ያዘጋጀው ማን እንደሆነ መናገር አለበት። አሠሪ ከሆነ ደግሞ ከመከልከሉ በፊት ቅጂውን መስጠት ይጠበቅበታል። ስሕተት ያገኘ ሰው ሲቃወም ድርጅቱ በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ማጣራት አለበት። ኮሎራዶ ደግሞ በ2019 ባወጣችው ሕግ አከራይ ፍርድ ያልተከተለበትን እስር ጨርሶ እንዳይመለከት፣ ከጥቂት ከባድ ወንጀሎች በቀር ከአምስት ዓመት በላይ የሆነውንም ጥፋት እንዲተው አዛለች።

ብዙ መዝገብ ደግሞ ይታሸጋል። ክሱ የተቋረጠለት ወይም ነፃ የተባለ ሰው መዝገቡ ለሕዝብ እንዳይታይ ይደረጋል፤ በ2022 የወጣው ሕግም ኃይል ያልታከለባቸውን ብዙ የቆዩ ጥፋቶች ሰውየው ሳይጠይቅ ጭምር እንዲታሸጉ አድርጓል። እዚህ ላይ ለዜግነት የምታመለክቱ ወገኖቼ አንድ ነገር እንዳትዘነጉ፦ መታሸጉ ከኢሚግሬሽን አይሸፍናችሁም። የዜግነት ፎርሙ የታሸገውንም ይጠይቃል። መዝገባችሁ ሳይታሸግ በፊት የውሳኔውን የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት ቅጂ አውጥታችሁ ያዙ፤ ኋላ ማግኘቱ አድካሚ ነው።

ልጁን ያልኩት በስም ሳይሆን በአሻራ የራሱን ሪከርድ እንዲያስወጣ ነው። ስም ይመሳሰላል፣ ጃንዋሪ 1 የሺዎች ልደት ነው፤ አሻራ ግን የሱ ብቻ ነው። ከሲቢአይ ማስወጣት ይቻላል፤ ከኤፍቢአይም በ18 ዶላር። የሚያስቀው ደግሞ ማስረጃው መጀመሪያውኑ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የኤርፖርቱን የጥበቃ ክልል ባጅ ለማግኘት ሰው በአሻራ ይመረመራል፤ ባለፉት 10 ዓመታት ቤት ሰብሮ በመግባት ከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው አያገኘውም። እኔ ግን ባጁን እያየሁ ቡና ስቀዳለት ይህን አላውቅም ነበር።

አሁን ከታች ይኖራል። የአሻራውን ወረቀት ቅጂ አድርጎ አንዱን መኪናው ውስጥ፣ አንዱን የእኛ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጧል። ባለቤቴም ነገሩ ገርሟት «እስቲ ያንተንም ስም አስገባው» አለችኝ። አስገባሁት። በእኔ ስም አውሮራ ውስጥ የፍጥነት ቅጣቱን ያልከፈለ ሰው አለ። እኔ አይደለሁም፤ ባለቤቴ ግን ገና አላመነችኝም።