በሌላ ሰው ልክ የተሠራች ጀልባ

ልባሽ ልብስ ገዝቶ የሚያውቅ አንባቢ የዛሬውን ጉዳያችንን ግማሹን ከወዲሁ ያውቀዋል። ኮቱ በትከሻ ልክ ሲሆን እጅጌው ያጥራል፤ እጅጌው ሲደርስ ወገቡ ይሰፋል። ያም ሆኖ ልብስ ሰፊ ዘንድ ይወሰዳል፤ ይጠባል፣ ይለቀቃል። እዚህ የምናነሳት ጀልባ ግን መጥበብ እንጂ መስፋት አይሆንላትም፤ ልኳም በሰፊ ሜትር ሳይሆን በአርኪሜዲስ መርህ ይወሰናል።

ጀልባዋ ስኩዌርት ካያክ ትባላለች። ካያክ ከላይ የተከደነች፣ ቀዛፊው እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ከውስጧ የሚቀመጥባት ጠባብ ጀልባ ናት። የጣና ታንኳም ሆነች ማንኛዋም ጀልባ የምትመሰገነው ከውሃ በላይ በመቆየቷ ነው። ስኩዌርት ግን ለመስመጥ የተሠራች ናት ብንል ከእውነት አንርቅም። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቃዊ አሜሪካ ወንዞች ላይ ነው። የስላሎም ተወዳዳሪዎች በተንጠለጠሉ ዘንጎች ሥር የጀልባቸውን ጭራ ውሃ ውስጥ አስገብተው ለማሾለክ ሲሉ ጀልባቸውን እያሳሱ ሄዱ። እንደ ምዕራብ ቨርጂኒያው ጂም ስናይደር ያሉ ሰዎች ደግሞ ይህንኑ ወደ ራሱ የቻለ ጥበብ አሳደጉት፤ ስናይደር እ.ኤ.አ. በ1987 በዚሁ ጉዳይ ላይ መጽሐፍ አሳትሟል። የጥበቡ ቁንጮ ቀዛፊው ከነጀልባው ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ከሥር ተጉዞ፣ ራቅ ብሎ ብቅ የሚልበት እንቅስቃሴ ነው። እነሱ ምሥጢራዊው እንቅስቃሴ ይሉታል።

ከዚህ ነገር ጋር የተዋወቅነው ለዶክትሬት ትምህርት በዚያው አካባቢ በነበርንበት ወቅት ነው። በአንድ ቤተ ሙከራ አብሮን ይሠራ የነበረ ጓደኛችን ቁመቱ 1.93 ሜትር፣ የጫማው ቁጥር 46 ነበር። አዲስ ስኩዌርት በልኩ ማሠራት ለተማሪ አበል የሚቀመስ አልነበረምና ያገለገለች ፍለጋ ገባ። እኛ ዋና እንኳ በቅጡ የማንችል ብንሆንም ስሌቱን ለመሥራት ቃል ገባን።

አርኪሜዲስ እንዳስተማረው ተንሳፋፊ አካል ከራሱ ክብደት ጋር እኩል የሚመዝን ውሃ ከቦታው ያስለቅቃል። ጓደኛችን 84 ኪሎ ግራም፣ ጀልባዋ 9፣ አልባሳቱ 3 ያህል፤ ድምሩ 96 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 96 ሊትር ውሃ። የጀልባዋ ይዘት 96 ሊትር ቢሆን ክዳኗ ከውሃው ወለል ጋር ይተካከላል። የስኩዌርት ቀዛፊ የሚሻው ግን ክዳኑ ተሸፍኖ ውሃው ሆዱ አካባቢ እንዲደርስ ነው። ወገቡና ሆዱ 14 ሊትር ያህሉን ቢያስለቅቁ ለጀልባዋ የሚቀረው 82 ሊትር ይሆናል። ከውሃው በላይ የሚቀሩት ደረቱ፣ ክንዶቹና ራሱ ደግሞ በእኛ ግምት 30 ሊትር ያህል ናቸው። ለመስመጥ እነዚህንም ማስገባት ስላለበት ወንዙ 30 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ወደ ታች ሊጫነው ይገባል። ይህ የሚገኘው ወደፊት የሚነጉደው ውሃና ከዐለት ጀርባ ወደ ኋላ የሚዞረው ውሃ ከሚተሻሹበት መስመር ላይ ነው፤ እዚያ ውሃው ወደ ታች የሚጠልቅባቸው ቦታዎች አሉ። የጀልባዋ ስፋት አንድ ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ በሴኮንድ 70 ሴንቲሜትር የሚወርድ ውሃ ለሥራው ይበቃል። ጠፍጣፋነቷ ለውበት አይደለም። ሁለት ሜትር ያህል ከጠለቀ በኋላ ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ስለሚጨምር አምስት ሊትር አየር የያዘ ሳንባ ወደ አራት ሊትር ግድም ይኮማተራል፤ ይህም ትንሽ ያግዘዋል።

የሰውን ልክ የሚቀበለው የጀልባዋ አሠራር ነው። የታችኛው አካሏና የላይኛው ክዳኗ በየቅርጽ ማውጫቸው ከፋይበርግላስ ወይም ከካርቦን ጨርቅና ከሙጫ ተሠርተው ጠርዝ ለጠርዝ ይጋጠማሉ። ከመጋጠማቸው በፊት ጠርዙ በቀዛፊው ክብደት መጠን ይከረከማል። ሦስት ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲሜትር ወርድ ላላት፣ ጫፎቿ ለሾሉ ጀልባ አንድ ሴንቲሜትር መከርከም ወደ 11 ሊትር ይዘት መቀነስ ነው። ግማሽ ሴንቲሜትር እንኳ በቀዛፊው ላይ አምስት ኪሎ ግራም እንደመጨመር ይቆጠራል። ያገለገለች ስኩዌርት የምትገዛ ሰው የሌላ ሰው ሰውነት እየገዛህ ነው።

የመጀመሪያዋን ጀልባ በባልዲ ውሃ እየሞላን ለካናት፤ ከ70 ሊትር አልበለጠችም። ተውናት። ሁለተኛዋ 83 ሊትር ሆነች። ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ግዛት ብለን የመከርነው እኛ ነበርን፤ ጓደኛችንም እዚያው ቀብድ ከፈለ። ከዚያ በሻጩ ግቢ ሣር ላይ ገባባት። እግሮቹን እያጣመመ አስገብቶ ጥቂት እንደቆየ ጣቶቹ መደንዘዛቸውን ነገረን። ሻጩ ትለመዳለህ አለው። ውጣ ስንለው ግን መውጣት አቃተው። ሁለት ሰዎች ጀልባዋን ይዘው እኛ በብብቱ ጎትተን አወጣነው። በወንዝ ውስጥ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ የሚጎትተው ሰው አልነበረም። ቀብዱ አልተመለሰም፤ ስሌታችን ያስከፈለው ዋጋ ስለሆነ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ስህተቱ የት ነበር? ይዘትን ብቻ ቆጥረን የይዘቱን አቀማመጥ ዘነጋን። ሻጩ ቁመቱ 1.77 ሜትር ሲሆን ወፈር ያለ ሰው ነበር። የቁመት ግማሽ ግድም እግር ነውና የጓደኛችን እግር በ8 ሴንቲሜትር ያህል ወደ አፍንጫዋ ይዘልቃል። ጀልባዋ ከጉልበት ወደፊት በየ10 ሴንቲሜትሩ 2 ሴንቲሜትር እየሳሳች ስለምትሄድ እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ከአንድ ተኩል ሴንቲሜትር በላይ ይጠብበታል። እግር በጎኑ ተጋድሞ በሚገባበት ጀልባ ይህ ብዙ ነው።

መቀመጫውን ወደ ኋላ ብንገፋውስ? አራት ሴንቲሜትር ቢገፋ 84 ኪሎ ግራም ሰው አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጭራዋ ይሰምጣል፣ አፍንጫዋ ይነሳል። ሚዛኑን ለመመለስ ከፊት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ 3.4 ኪሎ ግራም ያህል ማሰር ያስፈልጋል። ወፍራም ጀልባ ገዝቶ ከኋላ ብቻ መከርከምስ? አሁንም ጭራዋ ይሰምጣል፤ ያንን ለማረም መቀመጫው ወደፊት መምጣት አለበት፤ እግሩም ወደዚያው ጠባብ ቦታ ይመለሳል። ለረጅምና ቀጭን ሰው ይዘት፣ ሚዛንና እግር በአንድ ክርከማ አይታረቁም። መደበኛ ቁመት ያላቸው ቀዛፊዎች ይህን ጣጣ አያውቁትም።

ከዚህ በኋላ ጓደኛችን የጀልባ ሻጮችን ስለ ጀልባዋ መጠየቁን ተወ። ጥያቄው ስለ ቀድሞው ባለቤት ሆነ፤ ስንት ኪሎ ነበር፣ ከታፋው እስከ ተረከዙ ስንት ነው፣ ጫማው ቁጥር ስንት ነው? አንዳንዶቹ ሳቁበት። ከወራት በኋላ ቁመቱ 1.90፣ ክብደቱ 80 ኪሎ ግራም፣ ጫማው 44 የሆነ ሰው ተገኘ። የጫማውን ልዩነት ለማስታረቅ ከእግሩ ጣቶች በላይ ክዳኑን ቆርጦ ሁለት ትናንሽ ጉብታዎች በፋይበርግላስ ሠራበት፤ የጨመሩት ይዘት ከግማሽ ሊትር አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ስሌት አልቀደመም። መጀመሪያ ሣር ላይ ሃያ ደቂቃ ተቀመጠ፤ ከዚያ በመዋኛ ገንዳ ሰው አጠገቡ ቆሞ እየተገለበጠ መውጣትን ደጋገመ።

በቺት ወንዝ የመጀመሪያ ቀኑ እኛ ዳር ቆመን ሰዓት ይዘን ነበር። ውሃው እስከ ደረቱ፣ እስከ አገጩ ደረሰ፤ በመጨረሻም መቅዘፊያው ጠፋ። ሰባት ሴኮንድ ቆጠርን፤ ሰባት ሴኮንድ እንደዚያ ረዝሞብን አያውቅም። ከቆምንበት ዝቅ ብሎ ብቅ ሲል እጃችንን አውለበለብን። እሱ ግን ወደ ዳር እየቀዘፈ ሲቀርበን የተናገረው ስለ ግራ እግሩ አውራ ጣት ነበር፤ ያኛው ጉብታ አሁንም ትንሽ ከፍ ማለት አለበት።