ግግር በረዶ፣ ቅልጥ ውሃና ውርጭ በባሌ ተራሮች ላይ የተዉት አሻራ

ስለ ግግር በረዶ በሚሰጠው የጂኦግራፊ ትምህርት ምሳሌው ብዙውን ጊዜ ከአልፕስ ወይም ከስካንዲኔቪያ ይወሰዳል። በዚህም ምክንያት ተማሪው ጉዳዩን አገሩን የማይመለከት፣ በቃል ተጠንቶ የሚታለፍ አድርጎ ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ ዛሬ አንድም ግግር በረዶ በሌለባት ኢትዮጵያ፣ በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ፣ ግግር የቀረጸው መሬት እስካሁን ይታያል።

ከእነዚህ መካከል በባሌ የሚገኘው የሳነቲ ከፍተኛ ሜዳ ለትምህርት እጅግ አመቺ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 4000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ሲሆን፣ በላዩ የቆመው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4377 ሜትር ይደርሳል። በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ ከ40000 እስከ 30000 ዓመታት በፊት በነበረው ዘመን የባሌ ግግር እስከ 265 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር። ለዚህ ያበቃው የሙቀት መቀነስ በግምት ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ነበር።

የግግሩና የቅልጥ ውሃው ሥራ

ግግር በክብደቱ ወደ ቁልቁለት ሲንሸራተት፣ በሥሩ የያዛቸው ድንጋዮች ዓለቱን እንደ ሞረድ ይፍቁታል። ሆኖም ብቻውን አይሠራም። ከሥሩ የሚፈሰው ቅልጥ ውሃ ጉዞውን ያቀልለታል፤ በዓለቱ ስንጥቅ ገብቶ እንደገና በረዶ ሲሆንም ይዘቱ ስለሚጨምር ዓለቱን ይፈነቅለዋል። በሸለቆ ራስ ላይ እንዲህ የተቦረቦረ ጎድጓዳ፣ ግግሩ ሲጠፋ ውሃ ይቋጥራል። 3950 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ የዚህ ዓይነት ነው። በወለሉ የተነባበረው ደለልም ወደ 16000 ዓመታት ገደማ የሚጠጋ የአየር ንብረት ታሪክ ይዟል።

የአየር ንብረት ሲሞቅ ግግሩ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ቋጥኙን፣ ጠጠሩንና አፈሩን ሳይለይ ከምሮ ይተዋል፤ ይህም ክምር ሞሬን ይባላል። ቅልጥ ውሃ ግን ጠጠሩን በቅርብ፣ አሸዋውን ራቅ አድርጎ፣ ደለሉን ደግሞ በረጋ ውሃ ውስጥ ያስቀምጣል። ስለሆነም የተደባለቀው ክምር የግግሩ፣ በንብርብር የተለየው የውሃው ሥራ መሆኑ ይታወቃል።

የውርጭ ሥራ

በሳነቲ ላይ፣ ግግሩ ባልሸፈነው ስፍራ፣ እስከ 1000 ሜትር የሚረዝሙ፣ 15 ሜትር የሚሰፉና 2 ሜትር የሚጠልቁ የድንጋይ ረድፎች አሉ። መሬቱ ደጋግሞ በረዶ ሲሆንና ሲቀልጥ ድንጋዩ ከደቃቁ አፈር እየተለየ በተዳፋቱ አቅጣጫ ይደረደራል። የዛሬው የሌሊት ውርጭ የሚያቀዘቅዘው የአፈሩን ገጽ ብቻ በመሆኑ እንዲህ ያሉ ግዙፍ ረድፎችን ሊሠራ አይችልም። ረድፎቹ እንግዲህ መሬቱ በጥልቀት በረዶ ይሆን የነበረበትን ዘመን ይመሰክራሉ።

ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው

ከባሌ ርቆ የሚያስተምር መምህርም ቢሆን፣ ጠጠር፣ አሸዋና አፈር በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጦ ሲዘቅጥ በማሳየት የውሃውን ሥራ ከሞሬን ድብልቅ ጋር ሊያነጻጽር ይችላል። ዕቅድ አውጪው ደግሞ ሌላ ቁም ነገር ያገኝበታል። እንደ ዌይብ ያሉት የባሌ ወንዞች ዛሬ በበጋ የሚቀልጥላቸው ግግር የላቸውም። የዝናቡን ውሃ ይዘው ቀስ በቀስ የሚለቁላቸው የደጋው ረግረግ፣ ሣርና አፈር ናቸው። እነዚህ ቢራቆቱ በቆላ ለሚኖረው ሕዝብ ውሃ የሚያቆይ ሌላ ጎተራ በተራራው ላይ አይገኝም።